ጎርጎራ፣ ስሜን ወይስ እዚሁ ጎንደር? ኑሮ ሲከብድ ለቤተሰብ የሚሻለው ዕረፍት

ለጎንደር ቤተሰብ ዕረፍትን የሚያስወድደው ቦታው ሳይሆን አዳሩ ነው። አምስት ሰው ሲያድር ቢያንስ ሁለት አልጋ ይያዛል። ራት አለ፣ ቁርስ አለ። ትራንስፖርቱም አለ፤ አምስት ሰው ደርሶ መልስ አሥር ትኬት ነው። ስለዚህ ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ውላችሁ እንደምትመለሱ ወይም እንደምታድሩ ወስኑ።

በጣም ርካሹ እዚሁ ከተማ ውስጥ መቆየት ነው። የጎንደር ሰው ይህን እንደ ዕረፍት አይቆጥረውም፤ እኔ ግን ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤት መጀመሪያ የምመክረው እሱን ነው። በፋሲል ግንብ አጥር ሥር እያለፈ ያደገ፣ ግን ገብቶ ያላየ ልጅ ብዙ ነው። ግቢው እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለኢትዮጵያዊ መግቢያው ከውጭ አገር ሰው በብዙ ያነሰ ስለሆነ መታወቂያ ያዙ። የፋሲልን፣ የኢያሱን፣ የበካፋንና የምንትዋብን ግንብ እያሳያችሁ ማን ከማን በኋላ እንደነገሠ ንገሯቸው። ነገሥታቱ አንበሳ ያኖሩበት የነበረውን ቤት ሲያዩ ጥያቄው ራሱ ይመጣል። ከሰዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውሰዷቸው። ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች ይቁጠሩ፤ ሲሳሳቱ እንደገና ይጀምራሉ። በሌላ ቀን ደግሞ የፋሲል መዋኛ አለ፤ ግንቡን ያቀፉት የዛፍ ሥሮች ብቻቸውን ለልጅ በቂ ናቸው።

የዚህ ምርጫ ጉድለት አንድ ነው፤ እናት አታርፍም። ቤት ስለሆነች ወጥ ይጠብቃታል፣ ልብስ ይጠብቃታል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ቤት ውስጥ ምሳ እንደማይሠራ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከአልጋ የተረፈው ብር አንድ ምሳ ውጭ ያበላል።

ከከተማ መውጣት ግድ ከሆነ ጣና ዳር ያለችው ጎርጎራ ከስሜን ተራሮች ትቀላለች። በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት ከተነሱ ውሎ መመለስ ይቻላል። ጣና አለ፣ ትኩስ አሳ አለ፣ የቆዩ ሥዕሎች ያሏት ደብረ ሲና ማርያም አለች። በ«ገበታ ለሀገር» የተሠራው ሪዞርት ያማረ ነው፤ ግን እዚያ ማደር ለሳሳ ኪስ አይሆንም። ዳቦና ቆሎ ቋጥራችሁ ሂዱ፤ አሳውን ብቻ እዚያ ግዙ። ጀልባ ከያዛችሁ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፤ ለልጆቹ የሕይወት ጃኬት ከሌለ ይቅርባችሁ። ልጆች ሐይቁ ዳር እንዲዋኙም አትፍቀዱ። ጣና ውስጥ በቆዳ የሚገባ፣ ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ የሚያመጣ ትል አለ።

ስሜን ውበቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ወጪውም እንዲሁ። የስሜን ፓርክ መነሻ እስከሆነችው ደባርቅ ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሕዝብ ማመላለሻ ይኬዳል። ሒሳቡ የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው። የፓርኩ መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚያስገባ መኪና ይከፈላል። የመኪናው ኮንትራት ለአራት ሰውም ለስምንት ሰውም ያው ስለሆነ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ጋር ተጋሩት። በፓርኩ ውስጥ የሚታደርበት ሳንቃበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጨቅላ ልጅ ይዞ እዚያ ማደርን አልመክርም። ልጆቻችሁ ከፍ ያሉ ከሆኑና ብዙ መሄድ ከቻሉ ግን ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ በመንጋ ሣር ሲነጩ ማየቱ ለዓመት የሚወራ ነው። ዋልያ ለማየት ግን ራቅ ብሎ መግባት ይጠይቃል፤ የአንድ ቀን ተጓዥ ተስፋ ባያደርግ ይሻላል።

የተራራ ገደል ማየት ብቻ ለሚበቃው ሰው ኮሶዬ የሚባል ቦታ አለ። በዚያው በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሻይ በፔርሙስ ይዞ ሄዶ ለምሳ ቤት መመለስ ይቻላል። በእኔ ግምት ካወጡት ብር አንጻር ይህን የሚያህል የለም።

ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ስለሆነ አዳር የግድ ነው። የሚያሳድር ዘመድ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ ለተሻለ ጊዜ አቆዩት። የጣናን ገዳማት ለመጎብኘት ካሰባችሁም እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ሴት አያስገቡም። ለቤተሰብ የሚሆነው የዘጌ ልሳነ ምድር ነው።

ጊዜው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ቢሆን ደስ ይላል፤ ዝናቡ አልፏል፣ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው። በጥምቀት ሰሞን ግን ጎንደር ውስጥ የአልጋ ዋጋ ይንራል። ከሩቅ የሚመጡ ዘመዶቻችሁ ዕረፍት ብቻ ከፈለጉ ሌላ ወር ይምረጡ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መንገዱ አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሳ ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ በመንገዱ ላይ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ደውሉ። ቀብድ የሚጠይቅ መኪና ከያዛችሁ መንገድ ቢዘጋ ብሩ እንዲመለስ ቀድማችሁ ተስማሙ። አንዳቸው እንኳ ከተጠራጠሩ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ግንቡ ሂዱ።