እናቴን ካፖርቷን ላስወለቁልኝ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሠራተኞች

ይህን ጽሁፍ ልጽፍ ካሰብኩ ስምንት ወር ሆነኝ። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ፤ ከሥራ ስመለስ እንቅልፍ ይቀድመኛል፣ ስነቃ ደግሞ ሌላው ጣጣ ይጠብቀኛል። ባለፈው እሁድ ግን አንዲት በቅጡ የማላውቃት እህት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አስቁማኝ «እናትሽን ምን አድርገሽ ነው? ዓምና በሰው ትከሻ ነበር እኮ ደረጃውን የምትወጣው» አለችኝ። እኔማ ምንም አላደረግሁም። ያደረጉትን ሰዎች፣ የካውንቲውን (የአካባቢያችንን መስተዳድር) የመዝናኛ ማዕከል ሠራተኞች፣ ሳላመሰግን መክረሜ አሳፈረኝ። ስለዚህ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዊተን፣ በታኮማ ፓርክና በዙሪያው የምትኖሩ፣ በተለይ እናትና አባታችሁን ከአገር ቤት ያመጣችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

እናቴ ጎንደሬ ናት። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ እዚህ ከመጣች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ጎንደር ሳለች ጠዋት ኪዳን አድርሳ፣ ገበያ ወርዳ፣ የታመመ ጠይቃ፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ጠርታ ወይም ተጠርታ ነበር የምትውለው። እዚህ የምንኖረው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመስኮታችን የሚታየው የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላት የጎረቤቶቻችንን መኪኖች በሙሉ አወቀቻቸው። «ቀዩ ዛሬም አልወጣም፤ ሰውየው ታሞ ይሆን?» ትለኛለች። መጀመሪያ እስቅ ነበር። ኋላ ላይ መሳቁን ተውኩት። ጉልበቷ ተያዘ፣ እንቅልፏ ጠፋ፣ ምግብ ቀነሰች።

ሐኪሟ «መንቀሳቀስ አለባት» አለን። መንቀሳቀስ የት? መጀመሪያ አንድ የስፖርት ቤት ሞከርን። «ለአረጋውያን የተለየ ሰዓት አለን» ብለው ካስፈረሙኝ በኋላ የተለየው ሰዓት ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ አገኘሁት። ውሉን አቋርጡልኝ ካልኩም በኋላ ለአራት ወር ከባንክ ሂሳቤ መቁረጣቸውን አላቆሙም። እሱን ልተወው፤ ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

የባሰው የአረጋውያን መዋያው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ። ሰውየው ሳሎኔ ድረስ መጥተው፣ ቡናዬን እስከ በረካ ጠጥተው «እናትሽ እናታችን ናት» አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ለእናት ነው ብዬ ግን ተጨማሪ ፈረቃ ገባሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት መኪና መጥቶ ይወስዳታል፣ ማታ ይመልሳታል። «እንዴት ዋልሽ?» ስላት «ደኅና» ትለኛለች። አርባ ዓመት ያህል የሰማሁትን የእናቴን «ደኅና» መለየት አለመቻሌ እስካሁን ይቆጨኛል።

አንድ ቀን ሳላስታውቅ እኩለ ቀን ላይ ሄድኩ። ሰፊ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን በማታውቀው ቋንቋ ይጮኻል። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ካፖርቷን እንደለበሰች፣ እስከ አንገቷ እንደቆለፈች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ለቅሶ ቤት ገብታ ተነሺ እስኪሏት የምትጠብቅ እንግዳ ትመስል ነበር። ክፍሉ ይሞቃል፤ ግንባሯን አልቦታል። «እማዬ፣ ካፖርቱን ለምን አላወለቅሽም?» አልኳት። «ማን አረፍ በይ አለኝና?» አለችኝ። ሦስት ሳምንት! አንዲት ሠራተኛ ጠርቼ ብጠይቃት «እሷ እንደዚያ ትወዳለች» ብላኝ ሄደች። ዘመን የማይሽረው አነጋገር ነው። እንደዚያ ትወዳለች!

የዚያን ዕለት እንባዬን እየጠረግሁ ሊፍት ውስጥ ያገኘችኝ የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ ጎረቤቴ ናት ስለ ካውንቲው ማዕከል የነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መሃል ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የተከፈተው ትልቁ የመዝናኛና የዋና ማዕከል ማለት ነው፤ ከላዩ የአረጋውያን አፓርታማ ያለበት። በበሩ ስንት ጊዜ በመኪና አልፌያለሁ! የሀብታም ቦታ ይመስለኝ ነበር። ወንድሜን በስልክ ባማክረው «የመንግሥት ቢሮ ነው፤ ተሰላችታችሁ ትመለሳላችሁ» አለኝ። እናቴ ደግሞ በሌላ በኩል ተነሳችብኝ። «የካውንቲው መዝናኛ ማዕከል» ብዬ ስተረጉምላት የታያት ለካ የቀበሌ መዝናኛ ክበብ ነው፤ ጃምቦው፣ ካራምቡላው፣ ጫጫታው። «እኔን በስተርጅናዬ መዝናኛ ክበብ?» ብላ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ለምኜ ወሰድኳት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መቀበያው ላይ የነበረችው ሴት መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሃምሳዎቹን ያለፈች ሴት ናት። ፈቃዷን ስላልጠየቅኋት ስሟን አልጽፍም። እኔ እንደለመድኩት «እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ቋንቋ አትችልም፣ ትፈራለች» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ሴትየዋ በትህትና በእጇ አስቆመችኝ። ስልክ ደወለች፣ አማርኛ አስተርጓሚ መስመር ላይ አስገባች፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ስልኩንም እኔንም ትታ እናቴን በዓይኗ እያየች ተናገረች። ከስልኩ የወጣው አማርኛ ይህ ነበር፦ «እንኳን ደኅና መጡ። ካፖርትዎን ልቀበልዎት?»

እናቴ አየችኝ። ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች። ሴትየዋ ካፖርቱን ተቀብላ መስቀያ አልፈለገችም፤ የራሷ ወንበር መደገፊያ ላይ አለበሰችው። እኔ በዚያች ቅጽበት የሆንኩትን መጻፍ አልችልም። ዞር ብዬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዋና ሕግ አነባለሁ ብዬ ቆምኩ፤ አንድ ቃል አልታየኝም።

ቀጥላ «ከየት ነው የመጡት?» አለቻት። «ከጎንደር»። ሴትየዋ ሳቀች፤ «ጎንደርማ የካውንቲያችን እህት ከተማ ናት» አለች። እውነቷን ነው፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲና ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እህትማማች ናቸው። እኔ አሥር ዓመት እዚህ ኖሬ አላውቅም ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ተስተካክላ ተቀመጠች። «እንግዲያማ ዘመድ ነን በላታ» አለችው አስተርጓሚውን። በዚህ አገር ከገባች ጀምሮ እናቴን በእኔ በኩል ሳይዞር «ምን ይወዳሉ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ይህቺ ሴት ጠየቀቻት። «መቀመጥ አልወድም» አለች እናቴ። እኔ ደግሞ መቀመጥ የምትወድ መስሎኝ ምቹ ወንበር ስገዛላት ነበር!

ከዚያ ሦስታችንንም፣ ስልኩ ውስጥ ያለውን አስተርጓሚ ጨምራ፣ ገንዳው ወዳለበት ወሰደችን። እናቴ በመስታወቱ ውስጥ ሞቅ ባለው ውሃ ውስጥ ቀስ እያሉ የሚራመዱትን ትልልቅ ሴቶች አየችና «ጠበል ነው?» ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚው ራሱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ጎንደር ተወልዳ አድጋ፣ በጥምቀት ዕለት ወጣቱ ፋሲል መዋኛ ውስጥ ሲዘል ከዳር ቆማ እልል ስትል የኖረች ሴት ናት፤ አንድም ቀን ገብታ አታውቅም። ልብሱ አስጨነቃት። ሴትየዋ «እጅጌው ረጅም፣ እግሩ ረጅም የዋና ልብስ ይፈቀዳል፤ የሚመችዎትን ይልበሱ» አለቻት፤ የት እንደሚገኝም በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ይኸው ነው። ክርክር የለም፣ ማሳፈር የለም።

በሳምንቱ እናቴ አማትባ፣ የብረት መደገፊያውን ይዛ ገባች። አሠልጣኟ ወጣት ናት። ስለ ጉልበቱ ምን እንዳደረገች አልገባኝም፣ ልታስረዳኝም ሞክራ ነበር፤ የጡንቻ ስም ስትጠራ ጠፋብኝ። የማውቀው ማንም ሳይነግራት ግራ እግሯን እንደምትሳሳ ከሁለት እርምጃ አየችና ከጎኗ ሆና መራመድ መጀመሯን ነው። ሁለተኛው ወር ላይ እናቴ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ስታንጎራጉር ሰማኋት። አራተኛው ወር ላይ ምርኩዙን በር ጀርባ ረሳችው።

ዋጋውን ለምትጠይቁኝ፦ ለመዋያው ከከፈልኩት ጋር አንድ ላይ መጥራቱ ነውር ነው። ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ ለሆኑ የተዘጋጁ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ። በማዕከሎቹ ውስጥ ያለው የስፖርት መሣሪያ ክፍል ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ለካውንቲው ነዋሪ በነፃ ነው። በነፃ! እኔ ያን ጊዜ ሁሉ ለስፖርት ቤቱ ስገብር። መሄድ ለማትችሉ ወደ ካውንቲው የመረጃ ስልክ፣ 311፣ ደውሉና «አማርኛ» በሉ፤ አስተርጓሚ ያመጡላችኋል። ካውንቲው መረጃውን ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ መብታችሁ ነውና አትፈሩ።

ሌላም አለ። መናፈሻዎቹን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሌላ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የመዝናኛ ፕሮግራሙ አንድ፣ መናፈሻው ሌላ፤ የመናፈሻው እ.ኤ.አ. በ1927 ከተቋቋመ፣ የጎረቤታችንን የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲን መናፈሻዎችም ጨምሮ ከሚያስተዳድር ኮሚሽን ሥር ነው። ለእኛ ለተጠቃሚዎቹ ልዩነቱ ምንም አይደል። ሞንትጎመሪ ውስጥ ከ400 በላይ መናፈሻዎች አሏቸው፤ እኔ የማውቀው ልጄ የተወለደበትን ቀን ያከበርኩበትን አንዱን ብቻ ነበር።

በኮሮና ጊዜ፣ በ2020፣ ሰው የሚንሸራሸርበት እንዲያገኝ ብለው የስላይጎ ክሪክን መንገድ በከፊል ለመኪና መዝጋት ጀመሩ፤ እስካሁንም በሳምንቱ መጨረሻ ይዘጋል። ቅዳሜ እናቴን እዚያ ወሰድኳት። ወንዙ በጎን ይፈሳል፣ አስፋልቱ ሙሉ ሰው ነው፤ ብስክሌት፣ የሕፃን ጋሪ፣ ውሻ። «ዛሬ የማን ንግሥ ነው?» አለችኝ። ያለፈውን ሁሉ ጎንበስ እያለች ሰላም ትላለች። መጀመሪያ ግራ ይጋባሉ፣ ሁለተኛ ጊዜ ስናልፍ እነሱ ቀድመው ይጎነበሳሉ። ዊተን ያለው የብሩክሳይድ አትክልት ሥፍራም መግቢያ አያስከፍልም። ኩሬው ዳር ያለችውን የጃፓን ጎጆ እናቴ «የባሕታዊ ቤት» ብላ ሰይማታለች።

በሎንግ ብራንች አካባቢ ያሉትን መናፈሻዎች ለማደስ ነዋሪውን ሲጠይቁም ደርሰናል። ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ሥዕል አስቀምጠው «የምትፈልጉት ላይ ምልክት ለጥፉ» ይላሉ። እኔ መጫወቻው ላይ ለጠፍኩ። እናቴ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ መርምራ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ለጠፈች። «መቀመጥ አልወድም አላልሽም?» ብላት «ለእኔ መሰለሽ? ለማትችለው ነው» አለችኝ። እናንተም እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲኖር ሂዱ፤ ካልሄድን ሌላው የፈለገው ይሠራል፣ እኛ በኋላ እናማርራለን። የማኅበረሰብ የአትክልት መደብም አላቸው፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ እኛም እየጠበቅን ነው። የጎመኑ ዘር በጨርቅ ተቋጥሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጧል።

ጉድለት የለም አልልም። የመኪና ማቆሚያው ራስ ምታት ነው፣ የሚፈለገው ክፍለ ጊዜ ምዝገባው በተከፈተ ዕለት ይሞላል፣ ስለዚህ ቀኑን ጠብቃችሁ ፈጥናችሁ ተመዝገቡ። ማንም አልከፈለኝም፣ ዘመድም የለኝም እዚያ፤ ማለት፣ ከጎንደር እህትነት በቀር። ግን እለምናችኋለሁ፣ እናቶቻችሁን ከመስኮቱ አንሱልኝ። አንድ ቀን ብቻ ውሰዷቸው። መነጽር ያንጠለጠለችውን ሴት ካገኛችኋት «የጎንደሯ ሴትዮ ልጅ ልካን ነው» በሏት፤ ታውቃለች። ባታገኟትም ሌሎቹ መልካም ናቸው፤ አሠልጣኟን፣ ነፍስ አድን ጠባቂዎቹን፣ ወለሉን የሚያጸዱትን ሰውዬ ሳይቀር እናቴ በስም ጠርታ ትመርቃለች። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ስለ ቅዳሜው የልጆች ዋናም ልጽፍላችሁ ነበር። እናቴ ግን ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማለች። «ነይ እንጂ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል» ትለኛለች።