ጋርሚን ፎርራነር 55፦ ለዝግታ ሩጫ ይታመናል፣ ለፍጥነት ልምምድ ግን የደረት ቀበቶ ይፈልጋል

ፎርራነር 55 እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ 37 ግራም ብቻ የሚመዝን የሩጫ ሰዓት ነው። ከእሱ በኋላ ስክሪናቸው የሚያንጸባርቅ አዳዲስ ሞዴሎች መጥተዋል፤ የልብ ምቱን እያየ መሮጥ ለሚፈልግ ሰው ግን ዛሬም በቂ ነው። ስክሪኑ በጣት አይነካም፣ ሁሉም ነገር የሚሠራው በአምስት ቁልፎች ነው። እጅ በላብ ሲርስ የዚህ ጥቅሙ ይታያል። ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ቢሆንም በቀትር ፀሐይ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ባትሪው ጂፒኤስ በርቶ እስከ 20 ሰዓት፣ ያለ ጂፒኤስ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሙዚቃ አይጭንም፣ ባሮሜትርም (በአየር ግፊት ከፍታ የሚለካ መሣሪያ) የለውም።

ዋናው ጉዳይ የልብ ምቱ ነው። ከሰዓቱ ሆድ ላይ አረንጓዴ መብራቶች አሉ። ብርሃኑ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ልብ በመታ ቁጥር የደሙ መጠን ስለሚለዋወጥ የሚመለሰው ብርሃንም ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰዓቱ የሚቆጥረው ያንን ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ላልቶ በየእርምጃው ከተነቃነቀ የልብን ምት ትቶ የእግርን እርምጃ ይቆጥራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሶምሶማ ከጀመራችሁ ገና ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ቁጥሩ 170 ገደማ ላይ ይቸከላል፣ እናንተ ግን ትንፋሽ ሳያጥራችሁ ከጓደኛችሁ ጋር እያወራችሁ ነው። የብዙ ሯጭ እርምጃ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ስለሆነ ነው ስህተቱ እውነት የሚመስለው። ያኔ ቆም በሉ፤ ቆዳችሁንና የሰዓቱን ሆድ ጥረጉ፤ አንጓ ላይ ጎላ ብሎ ከወጣው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ክርን ከፍ አድርጉት፤ ማሰሪያውን አንድ ቀዳዳ አጥብቁ። ቁጥሩ ከወረደ በኋላ ቀጥሉ። ሩጫው ሲያልቅ ማላላት አይረሳ፣ አለዚያ ቆዳ ይቆጣል።

ብርድም ያስቸግረዋል። ሱሉልታ ወይም እንጦጦ ላይ ማለዳ 12 ሰዓት ለሚወጣ ሰው የእጅ ደም ሥር ስለሚጠብ ሰዓቱ የሚያነበው ደም ያንሳል። ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ሰውነት እስኪሞቅ ድረስም ቁጥሩን አትመኑ። አንጓ ላይ ያለ ጥቁር ንቅሳትም ብርሃኑን ያግዳል፤ ወደ ሌላኛው እጅ ማዞር ነው።

ሁለተኛው ችግር የዞኖቹ፣ ማለትም ሰዓቱ የልብ ምትን ከዝግታ እስከ ጥድፊያ የሚከፍልባቸው ደረጃዎች፣ አሰላል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከፍተኛ ምታችሁን ካላስገባችሁ ሰዓቱ ከ220 ላይ ዕድሜያችሁን ቀንሶ ይገምታል። ግምቱ በ10 ምት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስታል። ጤነኛና ልምምድ ያለው ሰው 15 ደቂቃ አሟሙቆ፣ ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ ሦስት ሦስት ደቂቃ ጠንክሮ ሮጦ፣ የመጨረሻውን ያለውን ሁሉ ቢሰጥ የሚያየው ትልቁ ቁጥር ለእውነቱ በጣም ይቀርባል። የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ያለ ሐኪም ምክር አይሞክረው።

ከዚያ አሰላሉን ከከፍተኛው ምት መቶኛ ወደ ሪዘርቭ፣ ማለትም በከፍተኛውና በዕረፍት ምት መካከል ወዳለው ልዩነት፣ ቀይሩት። ከፍተኛ ምቱ 190፣ የዕረፍት ምቱ 60 የሆነ ሰው እንውሰድ። ከከፍተኛው ምት በመቶኛ ሲሰላ ሁለተኛው ዞን ከ114 እስከ 133 ነው፤ ይህ ለብዙ ሯጭ እርምጃ እንጂ ሩጫ አይደለም። በሪዘርቭ ግን ልዩነቱ 130 ነው፤ የዚያ 60 በመቶ 78፣ 70 በመቶው 91፤ በሁለቱም ላይ 60 ሲደመር ከ138 እስከ 151 ይሆናል። ሰው ሳይቸኩል ረጅም የሚሮጥበት ምት ይህ ነው። በግራ በኩል ያለውን የመሃል ቁልፍ ተጭናችሁ በመያዝ ሜኑውን ክፈቱና የግል መረጃችሁ ውስጥ ግቡ፤ የልብ ምት ዞኖቹ እዚያ ናቸው።

ከቆላ ወይም ከውጭ አገር መጥታችሁ አዲስ አበባ የምትሮጡ ከሆነ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ናችሁና የለመዳችሁት ፍጥነት ምታችሁን ከወትሮው ከፍ ያደርገዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍጥነቱን ተዉትና በምት ሩጡ።

ለ400 ሜትር ድግግሞሽ ወይም ለመስቀል አደባባይ ደረጃ ግን ይህ ሰዓት ብቻውን አይሆንም። ምቱ ዘግይቶ ይወጣል፤ ቁጥሩ ሲደርስ ዙሩ አልቋል። ፖላር ኤች10 የደረት ቀበቶ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በቀጥታ ስለሚይዝ ወዲያው ያሳያል፣ ከሰዓቱም ጋር ይገናኛል። ከመታጠቁ በፊት የውስጥ ጎኑን በውሃ አርጥቡት፤ ደረቅ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ይቀባዥራል። ስትጨርሱ ምቱን የሚያነበውን ክፍል ከማሰሪያው ንቀሉት፤ እርጥብ ማሰሪያ ላይ ከተተወ ሥራ ላይ ያለ መስሎት ሲአር2025 ባትሪውን ይጨርሳል።

የሰዓቱን ቻርጅ መሰኪያ ጀርባም ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ አድርቁ፤ ላብ የደረቀበት ላይ ኬብል ሲሰካ የብረት ነጥቦቹ ይዝጋሉ።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ለሚበቃው ሰው ምክራችን ቀበቶው ነው። ከስልክ አፕ ጋር ብቻውን ይሠራል፤ ስልኩን ቤት ትቶ ለሚወጣም አፑ ላይ አስጀምሮ ከሄደ አንድ ልምምድ በራሱ ውስጥ ይይዛል።