ከውስጥ የተሰራና ከውጭ የተሰራ፣ ስለ ኦቲዝም ሁለት አጭር ፊልሞች

ስለ ኦቲዝም አጭር ፊልም ንገሪኝ የሚለኝ ሰው ካለ ሁለት ነው የምጠራው፣ የሜል ባግስ "ኢን ማይ ላንጉጅ" እና የፒክሳር "ሉፕ"። ሁለቱም አስር ደቂቃ አይሞሉም።

የባግስ በፈረንጆቹ 2007 ዩቲዩብ ላይ የወጣ ነው፣ ባግስ ደግሞ ራሳቸው ኦቲስቲክ ነበሩ (2020 ላይ አረፉ)። መጀመሪያ ላይ አንድም ቃል የለም፣ እጅ ማወዛወዝ፣ ማንጎራጎር፣ ዕቃ እያሻሹ ድምፅ ማውጣት፣ ከቧንቧ የሚፈሰውን ውሃ በጣት መንካት ብቻ፣ እኔም ምን ለማለት ነው እያልኩ ትርጉም ስፈልግ ቆየሁ። ከዛ የኮምፒውተር ድምፅ ባግስ የጻፉትን ማንበብ ይጀምራል፣ ውሃው የምንም ምልክት አይደለም ይላል፣ እኔ ውሃውን እነካዋለሁ እሱም ይነካኛል በቃ። ደግሞ እኔ የናንተን ቋንቋ ካልቻልኩ ጉድለት ይባላል፣ እናንተ የኔን አለመቻላችሁ ግን ማንንም አይገርምም የሚል ሀሳብ አለው፣ እሱን ከሰማሁ በኋላ ወደ መጀመሪያው መልሼ አየሁት፣ ሌላ ፊልም ሆነብኝ።

"ሉፕ" 2020 የወጣ አኒሜሽን ነው፣ የማትናገር ልጅና ወሬ የሚወድ ልጅ አንድ ታንኳ ላይ ይገናኛሉ። የልጅቷን ድምፅ የሰራችው ራሷ ኦቲስቲክ የሆነች፣ በንግግር የማትግባባ ወጣት ናት፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ታሪኩ የለመድነው አካሄድ አለው፣ ልጁ ቀስ በቀስ እሷን መረዳት ይጀምራል፣ እኛም ከሱ ጋር እንረዳለን። ከልጆች ጋር ለማየት እሱን እመርጣለሁ። ብቻዬን ከሆንኩ ግን የባግስን፣ ያውም ሁለቴ።