ዋሁ ኪከር ኮር፦ ለ180 ኪሎ ሜትሩ ቤት ውስጥ መዘጋጀት

ረጅሙ ትራያትሎን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያም ሙሉ ማራቶን ነው። ብዙውን ሰዓት የሚበላው ብስክሌቱ ነው፤ ሥራ ውሎ ማታ ለሚገባ ሰው ያንን ሰዓት ማግኘት ከባድ ነው። ሚኒሶታ ላለ በረዶው፣ አዲስ አበባ ላለ የመኪናው ግፊያ ይጨመርበታል። የዋሁ ኩባንያ ኪከር ኮር፣ የራስን ብስክሌት ገጥሞ ቤት ውስጥ የሚነዳበት ማሽን፣ ለዚህ ችግር ዋጋውን የሚያወጣ ዕቃ ነው፤ የውድድሩን ቀን ቆርጦ ለተነሳ ሰው ግን ብቻ።

የብስክሌቱ የኋላ ጎማ ይወልቅና ካቴናው ማሽኑ ላይ በተገጠመው ካሴት (የኋላ ጥርሶች ስብስብ) ላይ ይዞራል። ጎማ እየተጫነ የሚሠራው ርካሽ ዓይነት ጎማ ይጨርሳል፤ የጎማው አየር ባነሰ ቁጥርም ልኬቱ ይዛባል። እዚህ ያ ጣጣ የለም። አምራቹ እስከ 1,800 ዋት (ፔዳሉ ላይ የሚያርፈው ጉልበት መለኪያ) ይይዛል፣ 16 በመቶ ዳገት ያስመስላል፣ ልኬቱም ከ2 በመቶ በላይ አይስትም ይላል። 5.4 ኪሎ የሚመዝነው ተሽከርካሪ ብረት ፔዳሉን የመንገድ ስሜት ይሰጠዋል።

ስህተት የሚበዛው ገጠማው ላይ ነው። የመጀመሪያው ኮር ካሴት ሳይኖረው ይሸጥ ስለነበር፣ ከብስክሌቱ ካምቢዮ ጋር የሚስማማ ለብቻ መግዛት ያስፈልጋል። ካሴቱ ባለ 8፣ 9 ወይም 10 ማርሽ ከሆነ ከኋላው 1.8 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ መግባት አለበት፤ ከተረሳ ካሴቱ እየተወዛወዘ ካቴናው ይዘላል። ማሰሪያው በ40 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ከዚያ በኋላም ካምቢዮው ከተንኳኳ፣ የገመዱን ማስተካከያ ሩብ ዙር እያዞሩ መሞከር ነው። ልኬቱ የሚስተካከለው ደግሞ ቢያንስ 10 ደቂቃ ከተነዳ በኋላ ነው፤ ማሽኑ ሳይሞቅ የተወሰደ ልኬት ያሳስታል።

አሁን ወደ ሥራው። 20 ደቂቃ በሙሉ አቅም ይነዳል፤ አማካዩ በ0.95 ይባዛል። 220 ዋት ያወጣ ሰው መነሻው 209 ነው። የረጅሙ ውድድር ፍጥነት ከዚህ ከ65 እስከ 75 በመቶ፣ ማለትም ከ136 እስከ 157 ዋት ይሆናል። ጥሩ የማክሰኞ ልምምድ ይኸውና፦ 15 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ 20 ደቂቃ በ167 ዋት ሦስት ጊዜ፣ በመካከላቸው 5 ደቂቃ ቀላል፣ መጨረሻ ላይ 10 ደቂቃ ማቀዝቀዣ። ማሽኑ ዋቱን ራሱ ሲይዝ የእግር ፍጥነት ከወረደ ክብደቱን ይጨምራል፤ እግር ይበልጥ ሲዘገይ ይበልጥ ይከብዳል፣ በመጨረሻም ፔዳሉ ይቆማል። መፍትሔው መታገል ሳይሆን ጥቂት ሰከንድ ማቆምና በደቂቃ 90 ዙር አድርጎ እንደገና መግባት ነው። ከባህር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ በላይ አዲስ አበባ ላይ የተለካ ቁጥር ከባህር ዳርቻው ያንሳል፤ ቆላ ወርዶ የሚወዳደር ሰው ከለመደ በኋላ ዳግም ይለካ።

ብዙ ሰው ማሽኑ ከገባ ተነሳሽነቱም አብሮ ይመጣል ብሎ ይገዛል። አይመጣም። በ1978 ሃዋይ ላይ የመጀመሪያው ውድድር ሲጀመር 15 ሰዎች ተነስተው 12 ጨርሰዋል፤ መነሻው ከስፖርተኞች ብርቱው የትኛው ነው የሚል ክርክር ነበር። ዛሬም ከሕመም ያገገመውም፣ ማራቶን የጠገበውም፣ አርባን የተሻገረውም ተመሳሳይ ጥያቄ ለራሱ ያቀርባል፦ እችለው ይሆን? ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ግን በጥር ማክሰኞ ማታ በጣም ይርቃል። የዚህ ማሽን ትልቁ ጥቅም፣ ያንን የራቀ ጥያቄ ወደ ሦስተኛው 20 ደቂቃና ወደ 167 ዋት ማውረዱ ነው።

ጉድለቱን መሸፋፈን አይገባም። ነፋስ ስለሌለ ሰውነት ቶሎ ይግላል፤ ትልቅ ቬንትሌተር ፊት ለፊት ከሌለ ልብ እየፈጠነ ዋቱ ይወርዳል። ላቡ መሪው ሥር ያሉትን ብሎኖች ያዝጋል፤ ፎጣ መሸፈን፣ ሲጨርሱም መጥረግ ግዴታ ነው። ብስክሌቱ ስለማይንቀሳቀስ ኮርቻው ያደነዝዛል፤ በየ10 ደቂቃው ለ30 ሰከንድ መነሳት ያሻል። የካርቦን ብስክሌት ያለው፣ አምራቹ መግጠሙን ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። መብራት ሲጠፋ ልምምዱ ይቋረጣል። ከሁሉም በላይ ግን መታጠፍን፣ እየነዱ ጠርሙስ መቀበልን፣ ሃዋይ ላይ ሃዊ ወደምትባለው ከተማ በሚወስደው የውድድሩ መንገድ የሚመጣውን የጎን ነፋስ አያስተምርም። በሳምንት አንድ ረጅም ጉዞ ውጭ መሆን አለበት።

ምግብን ለመፈተን ግን የተሻለ ቦታ የለም። በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ሆድ እስኪለምደው በዝግታ ይጨመር። በሶ በጥብጦ መያዝ የሚፈልግም፣ ሆዱ ይችለው እንደሆነ በውድድር ዋት እዚሁ ይሞክረው።

ልምምድ ለሚመራ መተግበሪያ በየወሩ መክፈል ግዴታ አይደለም፤ የአምራቹ ነጻ የስልክ መተግበሪያ ዋቱን ይይዛል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው በእጁ አዙሮ ማንኳኳት እንዳለው ያዳምጥ፤ ለብስክሌቱ መግጠሚያ የሚሆኑት ቁርጥራጮችና የመብራት ገመዱ አብረው መኖራቸውን ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ይቁጠር።