ፋንታሲ ልብ ወለድን በራስ ወጪ ማሳተም፦ ኦፍሴት፣ ዲጂታል ወይስ የኢንተርኔት ሽያጭ?

ጎንደር ተቀምጦ ረጅም የፋንታሲ ልብ ወለድ የጻፈና በራሱ ወጪ ሊያሳትም የቆረጠ ደራሲ ሦስት መንገዶች አሉት፦ ረቂቁን አዲስ አበባ ልኮ በኦፍሴት በብዛት ማሳተም፣ በአቅራቢያው ባለ ዲጂታል ማተሚያ ጥቂት ቅጂ ማውጣት፣ ወይም በኢንተርኔት መሸጥ። እኔ የመጀመሪያውን ቅጽ በኦፍሴት፣ ሁለተኛውን በዲጂታል አሳትሜያለሁ፤ ሦስተኛውንም መንገድ በዝርዝር መርምሬዋለሁ። ለጀማሪ ደራሲ ዲጂታሉ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ የዚህ ዘውግ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቅጽ አያልቅምና በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ታስሮ የቀረ ገንዘብ ሁለተኛውን ያስቀራል።

የኦፍሴት ወጪ የሚጀምረው ከፕሌቱ፣ ማለትም የገጾቹ ቅርጽ ከሚወጣበት የማተሚያ ሰሌዳ ነው። ገጾቹ በፕሌት ላይ ይወጣሉ፣ ማሽኑ ይስተካከላል፣ ቀለሙ እስኪመጣጠን ድረስም ወረቀት ይባክናል፤ ይህ ወጪ 100 ቅጂም ታተመ 3000 ያው ነው። የአንዱ ቅጂ ዋጋ ብዛቱ ሲጨምር የሚወርደውም በዚህ ምክንያት ነው። ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ገጾቹ ታጥፈው በክር ከተሰፉ ደግሞ ከ400 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ እንኳ ደጋግሞ ቢነበብ አይበታተንም። የምናባዊውን ዓለም ካርታ በቀለም ለማስገባት የሚያስብ ግን ሙሉ ቀለም አራት ፕሌት እንደሚጠይቅ ይወቅ። እኔ ካርታዬን በጥቁርና ነጭ አሥዬ ከሽፋኑ ቀጥሎ አስገብቼዋለሁ፤ ወጪውም ቀንሶልኛል፣ መስመሮቹም ይበልጥ ጎልተው ታይተዋል።

ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጉዳዩ የመጓጓዣ ክፍያ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ የሚጎዳው የናሙና ቅጂውን በአካል ሳያዩ «ይታተም» ማለት ነው። የመጀመሪያው ቅጼ ሲሠራ ናሙናውን በስልክ በተላከ ፎቶ ብቻ አይቼ ፈቀድሁ። ገጽ ቅንብሩ የተሠራው በአሮጌ፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት የሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት) ባልሆነ የፊደል ቅርጽ ስለነበር ጽሑፌ ሲገለበጥ «ኳ»ን እና «ቷ»ን የመሳሰሉ ፊደላት በብዙ ገጾች ላይ ተዛብተው ወጥተዋል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ቢሆንም አሮጌዎቹ የፊደል ቅርጾች እስከ ዛሬ በአንዳንድ ማተሚያ ቤቶች ያገለግላሉ። ስለዚህ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት «ገጽ ቅንብሩን በምን ፊደል ትሠራላችሁ?» የሚለው ነው።

ሌላው ስሕተት የራሴ ነበር፤ እርሱም ፋንታሲ ለሚጽፍ ሁሉ የሚያጋጥም ይመስለኛል። የፈጠርኋት ከተማ ስም በአንዳንድ ምዕራፎች በሐመሩ «ሐ»፣ በሌሎቹ በብዙኃኑ «ኀ» ተጽፎ ታተመ። በተለመደ ቃል ላይ ቢሆን አንባቢው አይቶ ያልፈዋል፤ ሰምቶት የማያውቀው የተፈጠረ ስም ላይ ሲሆን ግን ሁለት የተለያዩ ከተሞች ናቸው ብሎ ያስባል፣ አንድ አንባቢዬም በትክክል ይህንኑ ጠየቀኝ። የሀ፣ የሰ፣ የአ እና የጸ ሞክሼ ፊደላት በኮምፒውተር ፍለጋም እንደ ተለያዩ ፊደላት ስለሚቆጠሩ ስሙን በአንዱ ፈልጎ የሚያርም ሰው በሌላው የተጻፈውን አያገኘውም። ጥብቀትና ልልነትም በጽሑፋችን ስለማይታዩ የጀግናው ስም መሐል ፊደሉ ይጥበቅ ወይም ይላላ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። አሁን ጽሑፌ ለአርትዖት ከመሄዱ በፊት የስሞቹን ሁሉ ዝርዝር ከነአነባበባቸው አዘጋጅቼ ለአርታዒው እሰጣለሁ፤ ያንኑ ዝርዝር በመጽሐፉ መጨረሻም አትመዋለሁ።

በኦፍሴት እንዲህ ያለው ስሕተት በሁሉም ቅጂ ላይ ይቀራል፤ ለማረምም አዲስ ፕሌት ያስፈልጋል። ዲጂታል ሕትመት ፕሌት ስለሌለው 50 ወይም 100 ቅጂ አውጥቶ፣ ለአንባቢ ሰጥቶ፣ ስሕተቱን ሰብስቦ ቀጣዩን 100 አርሞ ማተም ይቻላል። ናሙናውንም በእጄ ይዤ፣ ወረቀቱን ዳስሼ፣ ሽፋኑን በቀን ብርሃን አይቼ መፍቀድ ችያለሁ። ድክመቱ ሁለት ነው። የአንዱ ቅጂ ዋጋ ብዛቱ ቢጨምርም እምብዛም አይወርድም። ጥረዛውም አብዛኛውን ጊዜ በሙጫ ብቻ ስለሚሠራ ወፍራም መጽሐፍ ጀርባው ላይ ይሰነጠቃል፤ እኔም በዚህ የተነሣ ሁለተኛውን ቅጽ ከ300 ገጽ በታች እንዲሆን ታሪኩን ቀድሜ ከፍዬዋለሁ። የሽፋኑ ጀርባ ስፋት በገጹ ብዛትና በወረቀቱ ውፍረት ስለሚወሰን የገጽ ቅንብሩ ሳያልቅ ሽፋን ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው።

ዋጋ በብር ያልጻፍሁት ሆን ብዬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ በሚገባ ወረቀትና ቀለም ላይ የተመሠረተ ዋጋ ጽፎ ማቆየት አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። ይልቅ ከአንድ ኦፍሴትና ከአንድ ዲጂታል ማተሚያ ቤት የ100፣ የ300፣ የ500 እና የ1000 ቅጂ ዋጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠይቁ፤ ለኦፍሴቱ ማጓጓዣውን ደምሩና እያንዳንዱን ለቅጂው ብዛት አካፍሉ። የኦፍሴቱ ዋጋ ከዲጂታሉ በታች የሚወርድበት ብዛት በስድስት ወር ውስጥ እሸጠዋለሁ ከምትሉት በላይ ከሆነ ዲጂታሉን ምረጡ። ስትገምቱም በጥር የጥምቀት ሰሞን ወደ ከተማችን የሚመጣውን እንግዳ ከተለመደው ወር ለይታችሁ ቁጠሩት።

የኢንተርኔቱ መንገድ በወሬ እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ደራሲ መጽሐፉን ራሱ የሚያወጣበት የአማዞን አገልግሎት፣ ኬዲፒ፣ ለኢ-መጽሐፍ ከመሸጫ ዋጋው 35 ወይም 70 በመቶ ይከፍላል፤ 70 በመቶው የሚገኘው ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ሲሆንና በተፈቀዱት አገሮች ሲሸጥ ነው። ሆኖም አገልግሎቱ ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም፤ ስለዚህ ይህ መንገድ በተግባር የሚጠቅመው በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ወይም ላስተረጎመ ነው። በ4.99 ዶላር የሚሸጥ መጽሐፍ የደራሲው ድርሻ 3.49 ዶላር ገደማ ነው፤ ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው ላይ 30 በመቶ ሲቀነስ 2.44 ይቀራል። ከባድ የካርታ ሥዕል ያለበት ፋይል ደግሞ በየሜጋባይቱ 0.15 ዶላር የማድረሻ ሂሳብ ስለሚያስከትል ሥዕሉን ማሳነስ ያስፈልጋል። በአማርኛ ለሚጽፍ ደራሲ የአገር ውስጥ የንባብና የትረካ መተግበሪያዎች ይበልጥ ይቀርባሉ፤ በአካባቢያችን ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ ያየ ሰው ግን ሽያጩን ሁሉ በዚያ ላይ አይጥልም።

በየትኛውም መንገድ ቢወጣ ሥራው በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃል፤ የኢኮኖሚ መብቱም ደራሲው በሕይወት እስካለና ካለፈም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ከማተሚያ ቤት ጋር በምትፈራረሙት ውል ላይ ደግሞ የተጠናቀቀው የገጽ ቅንብርና የሽፋን ፋይል ለእናንተ እንደሚሰጥ ይጻፍ፣ የመጨረሻውንም ክፍያ ፋይሉን ተቀብላችሁ ከፍታችሁ ሳታዩ አትፈጽሙ። እኔ የመጀመሪያውን ቅጽ ፋይል ባለመረከቤ የታረመውን እትም በዲጂታል ለማሳተም 412 ገጹን በሙሉ እንደ አዲስ አስቀምሬ ከፍያለሁ።