የደመወዝ ግብሩ ሲቀየር የሒሳቡን ክፍል አልነካንም፦ ኢአርፒኔክስት 15ን ለ15 ወራት ስንጠቀም

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ በጅምላ እንሸጣለን፤ መጋዘናችን ቃሊቲ ነው። ሲስተሙን የምከታተለው እኔ ነኝ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በኢአርፒኔክስት (የድርጅትን ሽያጭ፣ መጋዘንና ሒሳብ በአንድ ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) 15ኛ እትም ላይ ነን፤ ከዚያ በፊት 13ኛው ላይ ቆመን ቀርተን ነበር። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ መጀመሪያ የቀጠርነው ባለሙያ የጠየቅነውን ሁሉ ዋናው ኮድ ውስጥ ገብቶ ጻፈልን። ቶሎ ስላለቀልን ደስ ብሎን ነበር። በኋላ ግን ለማዘመን በሞከርን ቁጥር የእሱ ጽሑፍ ከአዲሱ ኮድ ጋር እየተጋጨ ሁለት ዓመት አስቀመጠን።

ሶፍትዌሩ ድሮ ሁሉንም በአንድ ላይ የያዘ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው 14ኛ እትም ጀምሮ ግን የሰው ኃይልና ደመወዝ፣ የጤና፣ የትምህርትና ሌሎችም ክፍሎች ከዋናው ወጥተው ራሳቸውን የቻሉ አፖች ሆኑ። ይህን ሳናጣራ በመጀመራችን የሙከራ ሰርቨሩ ላይ የደመወዝ ማውጫው ድንገት ጠፋና ሒሳብ ሠራተኛችን ክፉኛ ደነገጠች። ፍራፔ ኤችአር የሚባለውን፣ ተለይቶ የወጣውን የሰው ኃይልና ደመወዝ አፕ ስንጭን የድሮው መረጃ ተመለሰ። በቅጂ ላይ ሳትሞክሩ ዋናውን ሰርቨር አትንኩ።

የመለየቱ ጥቅም የገባኝ ሐምሌ 2017 ላይ ነው። አዲሱ የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገ፤ መደቦቹም ተቀየሩ። 10,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ግብሩ ከ2,045 ወደ 1,650 ብር ወረደ። ድሮ ቢሆን ቀመሩ ከደረሰኙና ከሒሳቡ ጋር ተቆላልፎ ስለተጻፈ ባለሙያ ጠርተን እንለምን ነበር። አሁን ቀመሩ ደመወዙ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። ቀየርነው፣ በእጅ ካሰላነው ጋር አስተያየነው፣ በማግስቱ ሥራ ላይ ዋለ። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ አፑ ይዞት የሚመጣው የግብር ሰንጠረዥ የዓመት ገቢን መሠረት ያደረገ ነው፤ የእኛ ደግሞ በየወሩ የሚሰላ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡን ትተን ግብሩን እንደ አንድ ተቀናሽ በቀመር ሠራነው።

ከሌላ ሲስተም ጋር ማገናኘቱ ግን ከዚህም በላይ ያስተማረኝ ነገር ነው። ደንበኞቻችን የሚያዙበት የራሳችን ድረ ገጽ አለ። ድሮ ትዕዛዙን በቀጥታ ዳታቤዙ ውስጥ ይጽፍ ነበር። ትዕዛዙ ዝርዝር ላይ ይታያል፤ ነገር ግን በሶፍትዌሩ ደንብ በኩል ስላላለፈ ዕቃው ለዚያ ደንበኛ አልተያዘም። አንዱን የፍሬን ሸራ ለሁለት ሰው የሸጥንበት ጊዜ ብዙ ነው። የመጋዘን ኃላፊያችን ጋሼ፣ «ልጄ፣ ኮምፒውተሩ አለ ይለኛል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው» እያሉ ይደውሉልኝ ነበር፤ መልስ አልነበረኝም።

አሁን ድረ ገጹ ትዕዛዙን የሚልከው በሬስት ኤፒአይ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ራሱ ለሌሎች ሲስተሞች በከፈተው በር ነው፤ የራሱ የመግቢያ ቁልፍ ተሰጥቶታል፣ የሚፈቀድለትም የሽያጭ ትዕዛዝ መክፈት ብቻ ነው። ሽያጭ ሠራተኛ በእጁ ሲመዘግብ የሚደረገው ማጣራት ሁሉ በዚህም ላይ ይደረጋል፤ ትዕዛዙ ሲጸድቅ ዕቃው ወዲያው ይያዛል። መጀመሪያ ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ አንድ ትዕዛዝ ሁለቴ እየገባ አስቸግሮናል። የድረ ገጹን የትዕዛዝ ቁጥር የሚይዝ ተጨማሪ መስክ ከፍተን እንዳይደገም ስላደረግን ሁለተኛው ሙከራ ተመላሽ ይሆናል። ደረሰኝ ሲጸድቅ ለደንበኛው መልእክት የሚልከውን ኮድ ደግሞ ትንሽ የራሳችን አፕ ውስጥ አስገባነው፤ አፑ ከሽያጭ ደረሰኙ ጋር የሚያያዘው ሶፍትዌሩ ለተጨማሪ ኮድ ባዘጋጀው ማያያዣ፣ «መንጠቆ» በሚባለው ነው።

መለያየቱ ገና አላለቀም። ፍራፔ ኤችአርን ብቻውን ልጫን ብትሉ አይሆንም፤ ኢአርፒኔክስት አብሮት መኖር አለበት። ሽያጭ፣ ግዢ፣ መጋዘንና ሒሳብም አሁንም አንድ ላይ ናቸው። ይህ እኔን አያስከፋኝም፤ ዕቃ ከመጋዘን ሲወጣ ዋጋው በዚያው ቅጽበት ሒሳብ ላይ ማረፍ አለበትና እነዚህን መነጣጠል ጉዳቱ ያመዝናል። የማምረቻውን ክፍል ግን እኛ ጨርሶ አንፈልገውም፣ ሆኖም አብሮ ይመጣል፤ ከሠራተኞቹ ማውጫ ላይ ደበቅነው። አፖቹ ሲበዙ ደግሞ የሁሉም እትም መመሳሰል አለበት፤ አንዱን ብቻ ወደ ቀጣዩ ዋና እትም ማሻገር አይቻልም።

የበጀት ዓመቱን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ማድረግ ቀላል ነበር፤ መነሻ ቀኑን ጁላይ 8 ብሎ መሙላት ይበቃል። ሠራተኞቻችን የሚጠይቁኝ ቀኑ ራሱ በእኛ አቆጣጠር እንዲታይ ነው። እሱንም እንደ ሌላ ትንሽ አፕ እየጻፍነው ነው፤ የሽያጭ ደረሰኙ ላይ ይሠራል፣ የመጋዘኑ ይቀረናል። ወደ 15ኛው ከተሻገርን ወዲህ ዋናው ኮድ ላይ እስካሁን አንዲት መስመር አልነካንም።