ብሩንተን ኮምፓስ በኢትዮጵያ መሬት ላይ፦ ለጀማሪ ጂኦሎጂስት ዋጋውን ያወጣል?

የሥነ ምድር ትምህርቱን ጨርሶ ወደ መስክ ሥራ የሚገባ ወጣት መዶሻና አጉሊ መነጽር ከያዘ በኋላ የሚያሳስበው የኮምፓስ ጉዳይ ነው። መዶሻ ከባልደረባ መዋስ ይቻላል። ኮምፓስ ግን በቡድኑ ውስጥ አንድ ብቻ ሲኖር ልኬቱን የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ አንጋፋው ባለሙያ ይሆንና ጀማሪው ቁጥር እየጻፈ ይውላል። በራሱ እጅ አለት ለክቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ የጂኦሎጂ ካርታ እንዲሠራ አይታመንም። በዚህ ምክንያት ብዙዎች በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቀውን ብሩንተን ፖኬት ትራንዚት የተባለውን የጂኦሎጂ ኮምፓስ ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ በኩል ለማስገዛት ያስባሉ። መሣሪያውን በመስክ ሥራ ስጠቀምበት የቆየሁ እንደ መሆኔ፣ ከግዢው በፊት መታወቅ ያለበትን እገልጻለሁ።

መሣሪያውን የፈለሰፈው በኮሎራዶ የማዕድን መሐንዲስ የነበረው ዴቪድ ብሩንተን ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። የአቅጣጫ መለኪያን፣ የተዳፋት መለኪያንና ውሃ ልክን በአንድ መዳፍ በሚያዝ ዕቃ ውስጥ ያዋሐደ በመሆኑ ከባድ የቅየሳ መሣሪያ መሸከምን አስቀርቷል፤ መሠረታዊ ቅርፁም እስከ ዛሬ ብዙ አልተለወጠም። የአለት ንብርብርን ስትራይክ (ንብርብሩ ከአግድም ወለል ጋር የሚገናኝበትን መስመር አቅጣጫ) ለመለካት የኮምፓሱን ጠርዝ ከንብርብሩ ገጽ ጋር አስጠግቶ ክቡን ውሃ ልክ ማስተካከል ይበቃል። ለዲፑ (ንብርብሩ ወደ ታች ለሚያዘነብልበት መጠን) ደግሞ ኮምፓሱን በጎኑ አቁሞ፣ ረጅሙ ውሃ ልክ መሃል እስኪገባ ድረስ ከጀርባው ያለውን ማንሻ ማዞር ነው። በመደወያው ላይ ምሥራቅና ምዕራብ ቦታ መለዋወጣቸው አዲስ ተጠቃሚን የፋብሪካ ስህተት መስሎ ያስደነግጠዋል። ነገር ግን የሚዞረው ሣጥኑ እንጂ መርፌው ባለመሆኑ፣ በዚህ መንገድ መርፌው የሚያመለክተውን ቁጥር እንዳለ ማንበብ ይቻላል።

ከአገራችን ተጠቃሚ አንጻር ትልቁ ጉዳይ የመርፌው ሚዛን ነው። በሰሜን አሜሪካ የምድር ማግኔታዊ መስክ ወደ መሬት በብርቱ ያዘነብላል። ስለዚህ የመርፌው ሰሜናዊ ጫፍ ወደ ታች እንዳይወርድ በደቡባዊው ክንድ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይጠመጠማል። አዲስ አበባ ግን ከማግኔት ወገብ አጠገብ ናት፤ እዚህ መስኩ ለአግድም የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ የተቋቋመው የአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በተመራማሪዎች ዘንድ ልዩ ግምት የሚሰጠውም በከፊል በዚህ አቀማመጡ ነው። እንግዲህ ለአሜሪካ የተመጣጠነ ኮምፓስ እዚህ ሲደርስ በሽቦው ክብደት ደቡባዊው ጫፍ ይወርዳል፤ መርፌው ከላይ ከሸፈነው መስታወት ወይም ከወለሉ ጋር እየተሻሸ ሊቆምና የተሳሳተ ንባብ ሊሰጥ ይችላል። መፍትሔው መስታወቱን በጥንቃቄ ከፍቶ ሽቦውን ወደ መሃል ማስጠጋት ነው። ሥራው ራሱ ቀላል ቢሆንም የመርፌው መቀመጫ ስስ ስለሆነ ልምድ ያለው ሰው ቢያከናውነው ይመረጣል። የዴክሊኔሽን (በማግኔት ሰሜንና በእውነተኛው ሰሜን መካከል ያለው ልዩነት) ማስተካከያውም በጎን ባለው ብሎን ለአገራችን ተለይቶ መሞላት አለበት፤ በእኛ ዘንድ ልዩነቱ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ራሱ አለቱ ነው። የደጋው አገር ሰፊ ክፍል በባዛልት የተሸፈነ ሲሆን በባዛልት ውስጥ ያለው ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን መርፌውን ይስባል፤ በተለይ መብረቅ የመታው የተራራ አናት ላይ የሚወሰድ ንባብ ጨርሶ አያስተማምንም። በወለጋ ቢቂላል አካባቢ ባለው ጋብሮ በተባለ ብረት አዘል አለት ላይማ ኮምፓሱን ባያወጡት ይሻላል። እንዲህ ባለ ቦታ አቅጣጫን በጂፒኤስ ሁለት ነጥብ ይዞ መወሰን፣ ወይም ከሩቅ ምልክት ላይ አነጣጥሮ ወዲያና ወዲህ በማንበብ ልዩነቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ የብሩንተን ጉድለት አይደለም፤ ማንኛውም ማግኔታዊ ኮምፓስ፣ በስልክ ውስጥ ያለው ጭምር፣ ከዚህ አያመልጥም።

ስልክን ካነሳሁ ዘንድ፣ የስልክ መተግበሪያ በአጭር ጊዜ ብዙ ልኬት ሰብስቦ ከቦታው ጋር መዝግቦ ስለሚያስቀምጥ የምንቀው አይደለም። ሆኖም ማግኔት ያለበት የስልክ ሽፋን ብቻ ንባቡን ያዛባዋል፤ ባትሪውም ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት በረሃ ያልቃል። እኔ ስልኩን ለብዛት፣ ብሩንተኑን ለማረጋገጫ እጠቀምበታለሁ። ከብሩንተን ጋር በእውነት የሚፎካከረው የጀርመኑ የፍራይበርግ ኮምፓስ ነው፤ የዲፕ አቅጣጫንና የዲፕን መጠን በክዳኑ በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ፣ እንደ አዶላ ባሉ ቅጠላማ አለቶች በበዙበት የወርቅ ፍለጋ አካባቢ ቀኑን ሙሉ ለሚለካ ሰው እርሱን እመርጣለሁ። ከሩቅ አነጣጥሮ አቅጣጫ ለመያዝና የተዳፋትን ቁልቁለት ለመለካት ግን በብሩንተኑ ክዳን ውስጥ ያለው የማነጣጠሪያ መስታወት የተሻለ ነው።

ሁሉም የሥነ ምድር ባለሙያ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት የለበትም። በከርሰ ምድር ውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ የተሰማራ ሰው ጂፒኤስና የውኃ ከፍታ መለኪያ ይበልጥ ይጠቅሙታል፤ በኮምፒዩተር ካርታ የሚሠራ ወይም ከቁፋሮ የወጣን የአለት ናሙና የሚመዘግብም ያለ ብሩንተን ሥራውን ይወጣል። በአንጻሩ ካርታ ሥራ፣ የማዕድን ፍለጋ፣ የግድብና የመንገድ መሠረት ጥናት ላይ የሚሰማራ ጀማሪ ቢገዛው አይቆጭም።

ርካሽ ቅጂዎችን በተመለከተ፣ ስም ያልያዘ አንድ ቅጂ ስጠቀም የተዳፋት ማንሻው ላልቶ በራሱ ይንሸራተት ነበር፤ ውሃ ልኩም ፈሳሹን አጥቶ አረፋው ተለጥጦ ቀረ። ያገለገለ እውነተኛ ብሩንተን ከአዲስ ቅጂ ይሻላል። ያገለገለውን ሲገዙ ክዳኑ ሲዘጋ መርፌው መታሰሩን፣ ሲከፈት ደግሞ በነፃነት ዞሮ አንድ ቦታ ደጋግሞ መመለሱን፣ ሁለቱ ውሃ ልኮች አለመፍሰሳቸውንና የመስታወቱ መስመር አለመደብዘዙን በደጅ፣ ከመኪናና ከብረት አጥር ርቀው ይፈትሹ።